ኮሪባንቴስ ሆነን የጨፈርንበት ከሰዓት

ንዴት ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ነገር ነው። እናቴ «አንተን ያረገዝኩህ በርበሬ ስቀነጥስ ከርሜ መሆን አለበት» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ይህን ስታነቡ ድምፄ ከፍ ያለ ከመሰላችሁ አትቀየሙኝ። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፣ መጋዘኑም ፈርሷል፣ እኔ ግን ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር እንደ አዲስ እናደዳለሁ። በማን እንደምናደድ እስከ ዛሬ በደንብ አልለየሁትም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። ለማ እባላለሁ፤ ያኔ አራዳ ውስጥ በአንድ መሸታ ቤት ከበሮ እየመታሁ የምኖር ጎረምሳ ነበርኩ። አብረውኝ የሚሠሩ አራት ጨፋሪዎች ነበሩ። አለቃቸው አጥናፉ ይባላል፤ በጠላት ዘመን ዱር የከረመ፣ ጠና ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሴቷ ዘፋኛችን ብርቅነሽ ነበረች፤ እኛ ብርቄ ነው የምንላት። የሦስት ወር ወንድ ልጅ አላት። አባቱ ማን እንደሆነ አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናትም። በአራዳ ብዙ ነገር ይቀለድበታል፣ በዚህ ግን አይቀለድም ነበር።

አንድ ምሽት ማዳም ካሊዮፒ የምትባል ግሪካዊት ከባሏ ጋር መሸታ ቤታችን መጣች። ባሏ ፒያሳ ወይንና ዘይት የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የአጥናፉን ሽለላ ስታይ አፏን ከፍታ ቀረች። በማግስቱ አስጠርታን፣ ግሪኮቹ ለበዓላቸው በሚያሳዩት ቴአትር ላይ ኮሪባንቴስ እንድንሆንላት ጠየቀችን።

ኮሪባንቴስ ምን እንደሆነ እሷው ነገረችን። ጥንት በግሪኮች ተረት ልጆቹን ሲወለዱ የሚውጥ አንድ ንጉሥ ነበር አሉ። እናትየዋ የመጨረሻውን ልጅ ዋሻ ውስጥ ደበቀችው። ሕፃን ግን ያለቅሳል። አባትየው ለቅሶውን እንዳይሰማ ኮሪባንቴስ የተባሉት ጨፋሪዎች ዋሻውን ከበው፣ ጋሻቸውን እያጋጩ፣ ራሳቸውን እስኪስቱ ይጨፍሩ ነበር። ብርቄ እናትየዋን እንድትሆን የእንጨት አሻንጉሊት አስታቀፈቻት። ለወንዶቹ የቆርቆሮ ጋሻ አሠራችላቸው።

የምንለማመደው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ባለ የባሏ የቆዳ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሽታው ልብስ ላይ ስለሚቀር ማታ መሸታ ቤት ስንገባ ሰው አፍንጫውን ይይዝብን ነበር። ይህ ግን ከማዳም ጭቅጭቅ አይብስም። ጨዋታው ሞቅ ሲል ታስቆመናለች። «ጥሩ አይደለም፤ እናንተ ታስባላችሁ፤ ኮሪባንቴስ አያስብም፣ ያብዳል» ትላለች። እንደገና እንጀምራለን፣ እንደገና ታስቆመናለች። ልጆቹ የለመዱት ሥርዓት ያለው ጭፈራ ነው፤ እግር የት እንደሚያርፍ፣ ትከሻ መቼ እንደሚመለስ የታወቀ ነው። አጥናፉ አንድ ቀን ታከተውና «እመቤት፣ ሰው የሚያብደው ሲደርስበት ነው እንጂ ሲታዘዝ አይደለም» አላት። እኔማ ከበሮውን አንስቼ ከድልድዩ ላይ ልወረውረው የምደርስባቸው ቀኖች ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ስንሰበሰብ ብርቄ አሻንጉሊቱን ትታ የራሷን ልጅ በቅርጫት ይዛ መጣች። ማዳም አልደረሰችም ነበር። ብርቄ በሩን ዘጋችና እስከዚያ ቀን ያልነገረችንን ነገረችን።

የልጁ አባት ግራዝማች ወንድይራድ ነው። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሥላሴ በኩል ትልቅ ግቢ ያለው፣ በመንገድ ሲያልፍ ሰው ቆብ የሚያነሳለት ሰው ነው። ብርቄ ቤቱ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሆዷ ሳይታወቅ በፊት በሌለ ምክንያት ከቤት አስወጣት። ግራዝማች ከሚስቱ ልጅ አልወለደም፤ መሬቱም ግቢውም የመጣው ደግሞ በሚስቱ በኩል ነው። ብርቄ ወንድ መውለዷን በቅርቡ ሰማ። ለሚስቱና ለሚስቱ ወንድም «አንዲት ችግረኛ ዘፋኝ የምታሳድግበት አጥታ ልጇን ልትጥል ነው፤ ለነፍሳችን ብለን እናሳድገው» ብሎ ነገራቸው። እናቲቱን ግን የጠየቃት የለም። ያን ዕለት ጧት ሁለቱ ወንዶች ቤቷ ድረስ ሄደው ሲያጧት ጎረቤቷን «ወዴት ነው የምትሠራው?» ብለው ጠይቀዋል።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ የሚነሳ የጭነት መኪና አግኝቻለሁ። እህቴ ደብረ ብርሃን ናት» አለች ብርቄ። «እስከዚያ ብቻ ሸሽጉልኝ። አንዴ እጁ ከገባ ደጁን እንኳ አያስረግጡኝም።»

አጥናፉ ቅርጫቱን ተቀብሎ ከመጋዘኑ ጥግ፣ ከቆዳው ክምር ኋላ አስቀመጠው። ልጁ ጠብቶ ተኝቷል። ብርቄ አሻንጉሊቱን አነሳች። ማዳምም ገባች፤ ምንም አላወቀችም።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ግራዝማች ወንድይራድ ነጭ ካባውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ ገባ። ከኋላው የሚስቱ ታላቅ ወንድም አቶ ሥዩም ነበሩ፤ ሸምገል ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ግራዝማች ብርቄን አይቶ ፈገግ አለ። ልጁስ ብሎ ሲጠይቃት፣ ትናንት ከአክስቷ ጋር ወደ አገር ቤት መላኩን ነገረችው። አላመናትም። ሥራዋን እስክትጨርስ እንደሚጠብቃት፣ ከዚያም ቤቷ አብረው ሄደው እንደሚያዩ በጨዋ አንደበት ነገራት።

እዚህ ላይ ማዳም ካሊዮፒ ምን አደረገች መሰላችሁ? ወንበር አመጣችላቸው። ካባ የለበሰ ትልቅ ሰው ልምምዷን ሊያይ መምጣቱ እንደ በዓል ሆነባት። መሀል ላይ አስቀመጠቻቸውና አጨበጨበችልን፤ ጀምሩ ማለቷ ነው።

ጀመርን። ልጁ እንደተኛ ነው፤ ሁላችንም ጆሯችን ከቆዳው ክምር ኋላ ነው። ጥቂት እንደቆየን እኽ እኽ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ጎኔ የቆመው ጨፋሪ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ከበሮውን አጠበቅሁት። ልጁ ለቅሶውን ከፈተው፤ እኛም ከፈትነው። ቆርቆሮው ከቆርቆሮው ጋር ይጋጫል፣ እግር መሬቱን ይደበድባል፣ አቧራው ይነሳል። አጥናፉ ያን ሁሉ ሥርዓቱን ጥሎ ጋሻውን በጭንቅላቱ ሲመታ አየሁት። አንደኛው ልጅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ብርቄ አሻንጉሊቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ በክምሩና በሰዎቹ መካከል ትሽከረከራለች። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን እንዳረጠበው ሳይ ዓይኔን ወደ ከበሮዬ መለስኩ።

ማዳም ካሊዮፒ በደስታ አለቀሰች። «ይኼ ነው! ኮሪባንቴስ ይኼ ነው!» እያለች ትዘላለች። ለሁለት ሳምንት የለመነችን እብደት ሳይታዘዝ መጣላት።

ያናደደኝ ግን ግራዝማች ነው። ሰለቸኝ ብሎ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እግሩን አነባብሮ፣ በከዘራው ምቱን እየተከተለ መደሰት ጀመረ። አንዴ ስንደክም ዝግ አልንና ልጁም ዝም ያለ መሰለን። ግራዝማች «ድገሙት» አለ። እጄ አብጧል፣ አንገቴን የከበሮው ጠፍር ቆርጦኛል፣ እሱ ድገሙት ይላል። ሰውየው የገዛ ልጁን ለቅሶ እንዳይሰማ የምናደርገውን ጩኸት እንደ ግብዣ ቆጥሮ ይዝናናበታል። እንደዚያ ቀን ሰው የመማታት ፍላጎት ይዞኝ አያውቅም።

ደገምነው። ልጁም ደገመው፤ አሁን ርቦት ስለነበር እሪታው ከፍ አለ። የቆርቆሮው ድምፅ ብቻ ሊሸፍነው እንደማይችል ሲገባው አጥናፉ ያለውን ሁሉ አወጣና ሽለላ ጀመረ። የአጥናፉ ድምፅ ገደል ያስተጋባል ይባላል። እኛም በሙሉ ጉሮሯችን ተቀበልነው። ከዚያ የበለጠ ጩኸት ከሰው አይወጣም።

ስህተታችን ይኸው ነበር። ሽለላ ለማን እንደሚሸለል ረሳነው። ሽለላ የሚሰማውን ወንድ ከመቀመጫው ያስነሳል፤ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ግራዝማች ካባውን ወደ ኋላ ወረወረ፣ ከዘራውን እንደ ጦር አነሳ፣ ዘራፍ ብሎ መሀል ገባ።

ፎካሪ ሲነሳ ከበሮ እንደሚቆም የማያውቅ የለም። የፎካሪው ቃል እንዲሰማ ጭፈራው ይቆማል፣ ጭብጨባው ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ልጆቹ ሳያስቡት ቆሙ፤ ደማቸው ውስጥ ያለ ነገር ነው። እኔ ብቻ መምታቴን ቀጠልኩ።

አቶ ሥዩም ቅንድባቸውን አነሱ። ግራዝማች ከዘራውን እንዳነሳ ዞሮ አየኝ። ሰው ሲፎክር ከበሮ መምታት ፊቱ ላይ ከመትፋት አይተናነስም። አጥናፉ እንኳ በሐፍረት አንገቱን ደፋ። እኔ ግን እመታለሁ፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ካቆምኩ ልጁ ይሰማል፤ ካላቆምኩም ሰውየው ነገር እንዳለ ይጠረጥራል። «ምን ነካው ይሄ ሰው?» አለ ግራዝማች።

ያን ጊዜ ብርቄ አሻንጉሊቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ እኔ መጣችና መዳፏን ከበሮው ቆዳ ላይ ጫነች። ድምፁ ሞተ።

«ተወው ለማ። ይፎክር» አለችኝ።

ግራዝማች ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘራፍ!
ጠላት ሲመጣበት በሩን የማይዘጋ፣
ጥላ ነው ወንድይራድ፣ ለደከመ አልጋ!»

ሦስተኛውን ስንኝ አልደረሰበትም። ከቆዳው ክምር ኋላ ልጁ እሪ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጊዮርጊስ ድረስ የሚሰማ መሰለኝ። ግራዝማች ከዘራውን ቀስ ብሎ አወረደና ሳቀ። «ወደ አገር ቤት ሄዷል አላልሽኝም?» ብሎ ወደ ክምሩ ተራመደ።

«በሕግ አምላክ!» አለች ብርቄ።

ልጆች፣ ይህን ቃል ዛሬ ለቀልድ ስትጠቀሙበት እሰማለሁ። ያኔ ግን የሮጠ ይቆምለት ነበር፤ የተነሳ ዱላ በአየር ላይ ይቀርለት ነበር። ግራዝማችም እግሩን አንስቶ ቀረ።

ብርቄ ቅርጫቱን አመጣችና ልጇን አውጥታ ታቀፈችው። ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ውሃ ቅዱልኝ እንደምትል ያህል ረጋ ብላ ተናገረች።

«እዚህ ያላችሁት ሁሉ ምስክሮቼ ናችሁ። አቶ ሥዩም፣ እርስዎም ይስሙልኝ። ግራዝማች፣ ይህ ልጅ የርስዎ ነው?»

አቶ ሥዩም ወደ አማቻቸው ዞሩ። ግራዝማች ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ልጄ ነው ቢል ልጁን ያገኛል፤ ግን ከሚስቱ ወንድም ፊት ነው፣ መሬቱም ቤቱም የነሱ ነው። አይደለም ቢል ደግሞ ልጁ እዚያው የእናቱ እጅ ላይ ነው። ሁላችንንም ተራ በተራ ተመለከተን። እኔ በልቤ ልጄ ነው በል እያልኩ እለምነው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«የምን ልጅ? እኔ ለጽድቅ ብዬ ነው የመጣሁ» አለ።

«እንግዲያው ጊዮርጊስን ይበሉ።»

የጊዮርጊስ ደብር ከላያችን ነው፤ ደወሉ እዚያ መጋዘን ውስጥ ይሰማል። ግራዝማች ከንፈሩን ላሰ። አማቹን አየ፣ ልጁን አየ፣ መሬቱን አየ።

«ጊዮርጊስን፣ የኔ አይደለም።»

ብርቄ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችውን እንደሰማች ሰው። አቶ ሥዩም ተነሱ። ቀረብ ብለው የልጁን ፊት አተኩረው አዩ፣ ቀጥለው የአማቻቸውን ፊት አዩ። ምን እንዳሰቡ ፊታቸው አልነገረንም። «ልጄ፣ ሰጥታለች ተብዬ ነበር የመጣሁት። ትሰጭናለሽ?» አሏት። እንደማትሰጥ ነገረቻቸው። «ያሳድግልሽ» ብለው ወጡ። ግራዝማች ካባውን ከመሬት አንስቶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ተከተላቸው።

ሌሎቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ግን ነደድኩ። ማዳም ካሊዮፒ መጥታ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችን። አጥናፉ በአጭሩ ሲያስረዳት በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። «ግን እናንተ ቆማችሁ። በታሪኩ ኮሪባንቴስ አይቆምም» አለች። ያን ያህል ሰዓት እጄ እስኪያብጥ መትቼ የተረፈኝ ወቀሳ ይህ ነው። በነገራችን ላይ ቴአትሩ ታይቷል። በዕለቱ እንደ ወትሮው በሥርዓት ጨፈርን፣ ግሪኮቹ በጨዋነት አጨበጨቡ፣ ማዳም ግን አኮረፈችን።

ያን ቅዳሜ ማምሻ ላይ ብርቄን ወደ ቤቷ ሸኘኋት። ዳገቱን ስንወጣ ልጁን እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ንዴቴን መያዝ አልቻልኩም። ለምን እንዳስማለችው ጠየቅኋት። ነገ ደብረ ብርሃን መሄድ ትችል ነበር፤ አሁን ግን ልጁ በሰው ፊት ተካደ፤ አድጎ አባቴ ማነው ሲል ምን ልትለው ነው?

«ደብረ ብርሃን ብሄድ ደብረ ብርሃን ይመጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ከበሮ ልትመታልኝ ነው?» አለችኝ።

ይህ የባሰ አናደደኝ። ከዚያ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝን፣ ያኔ ግን ትልቅ የመሰለኝን ነገር ተናገርኩ። ልጁ በኔ ስም ይጠራ አልኳት፤ አባቱ ለማ ነው በይ፣ እኔ ልሁንለት። ዓይኗ እንባ የሚሞላ፣ አንገቴ ላይ የምትጠመጠም መስሎኝ ነበር።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰው ሲጨነቅ ጩኸት ማብዛት ይወዳል። እኔም እወድ ነበር፤ እንጀራዬም እሱ ነበር። ችግር ሲመጣ መጮህ፣ መደንፋት፣ መማል፣ ቃል መግባት። ያ ከሰዓት ይህን ልማዴን ሰበረው። አንዲት ሴት መዳፏን ከበሮዬ ላይ ስትጭን ልታጠፋን ነው ብዬ ነበር፤ ለካስ ከእኛ መሀል ምን እንደሚጠቅማት ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። እኛ ስንደብቅላት የጠየቅናት ነገር የለም። እሱም ሊወስድባት ሲመጣ አልጠየቃትም። በግሪኮቹ ተረት ውስጥም እናትየዋን አንድ ሰው እንኳ ሲጠይቃት አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ሰው ሲቸገር አስቀድሜ ምን ላድርግ ብዬ መጠየቅን ተማርኩ፤ ንዴቴ ባይለቀኝም።

ስሜን ስሰጣት ግን ገና አልተማርኩም ነበር። ብርቄ ዳገቱ መሀል ቆመች። ልጁን ከእጄ ተቀበለችና ነጠላዋን አልብሳ አቀፈችው።

«ዛሬ አንዱ ሲክደው ሰማሁ» አለችኝ። «አንተ ደግሞ ደግ ሰው ነህ፤ ደግነትህም ያልቃል፣ ያን ጊዜም ስትክደው ልሰማ ነው። ልጄ በአባቴ ስም ይጠራል። አባቴ ሞቷል ለማ፤ የሞተ ሰው አይክድም።»